የአብሮ አደግ ቃል፤ ስለ «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» የልጅነት ምዕራፍ

በየካ ወገን፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚባል ሰፈር አለ። ዐፄ ምኒልክ ለፈረንሳይ መንግሥት መልእክተኛ ቦታውን በሰጡ ጊዜ በዚያ የቆመው ቤት ማዕረጉ ለጋሲዮን ነበርና ሰፈሩ በዚሁ ስም ተጠራ። ከዘመን በኋላ ለጋሲዮኑ ከፍ ብሎ ኤምባሲ ተባለ። ሰፈሩ ግን ይህን ሹመት እስከ ዛሬ የሰማ አይመስልም፤ የታክሲው ረዳትም፣ ከኪዳን የምትመለሰው አሮጊትም፣ ደብተሩን ይዞ ቁልቁል የሚወርደው ተማሪም በልጅነት ስሙ ይጠሩታል። የአብሮ አደግ ጠባይ እንዲህ ነው። ሰው ቢሾም፣ ቢከብር፣ ስሙ ቢረዝም፣ አብሮ አደጉ የሚያውቀው የፊተኛውን ስም ነው።

የአገራችን ሰው «ካብሮ አደግ አትሰደድ» ብሎ የተረተው ስለዚህ ይመስለኛል። በባዕድ አገር ሰው ራሱን እንደ ወደደ አድርጎ ሊያስተዋውቅ ይችላል፤ አብሮ አደጉ ከጎኑ ካለ ግን የትናንቱን ያውቅበታል። ተረቱ ላይ ላዩን ሲያዩት የማስጠንቀቂያ ምክር ነው፤ እንደ ውስጠ ወይራ ቅኔ ገልጠው ቢያዩት ግን ለአብሮ አደግ የተሰጠ ምስጋና ነው፤ እውነቱን የሚያውቅ እርሱ ነው ማለት ነውና።

በዚህ ገጽ ልመረምረው ያሰብሁት መጽሐፍ በስደት አገር፣ ያለ አብሮ አደግ የተጻፈ ነው። እርሱም ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ በስደት ሳሉ በ1929 ዓ.ም. ያዘጋጁት፣ መጀመሪያው ክፍሉም በ1965 ዓ.ም. በአማርኛ የታተመው «ሕይወቴና የኢትዮጵያ እርምጃ» ነው። ስለዚህ መጽሐፍ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚፈልጉት የመንግሥቱን ነገር፣ የጦርነቱን ነገር፣ የጄኔቫውን ነገር ነው። እኔ ግን ሌላው የሚያልፈውን አጭር ምዕራፍ፣ የልጅነቱን ምዕራፍ ይዤ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ይህ የባለጸጋ ልጅ፣ ይህ ጨዋ ተማሪ፣ አብረውት ከተማሩት ልጆች ጋር እንዴት ነበረ? መጽሐፉስ ስለዚህ ምን ነገረን?

ከመጀመሬ በፊት አንባቢን አንድ ፈቃድ እለምናለሁ። ደራሲውን ንጉሠ ነገሥት እንደሚገባ «እርሳቸው» እላለሁ፤ በመጽሐፉ ውስጥ የሚመላለሰውን የአሥር ዓመት ተማሪ ግን «እርሱ» እላለሁ። ይህን ማለቴ ከድፍረት እንዳይቈጠርብኝ። ልጁና ደራሲው አንድ ሰው ቢሆኑም በጽሕፈት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የሚታይ ነው፣ አንዱ የሚያሳይ ነው። ሁለቱን ያልለየ አንባቢ መጽሐፉን ሊመዝን አይችልም።

እንግዲህ ልጁን እንየው። ተፈሪ መኮንን በሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. በሐረርጌ ኤጀርሳ ጎሮ ተወለደ። እናቱ ወይዘሮ የሺ እመቤት በ1886 ዓ.ም. ስላረፉ የእናቱን ፊት ሳያውቅ አደገ። አባቱ ልዑል ራስ መኮንን የሐረርጌ ገዥ፣ የዐድዋ ዘማች፣ የውጭ አገር መልእክተኛ ነበሩ፤ በሐረር በር የሚገባው የንግድ ዕቃ ሁሉ በግዛታቸው ስለሚያልፍ በዘመኑ ከነበሩት መኳንንት ሁሉ ባለጸጋ ከሚባሉት ወገን ናቸው። ስለዚህ ልጁ እህል አልጎደለበትም፣ ልብስ አልጎደለበትም፣ አሽከር አልጎደለበትም። የጎደለው እናት ነው። አባትም ቢሆኑ በዘመቻና በመልእክት ሩቅ ነበሩ።

አባቱ ትምህርትን አጥብቀው ወደዱለት። ፊደሉንና ግእዙን ከተማረ በኋላ ከጉዋድሉፕ ደሴት የመጡት ሐኪም ዶክተር ቪታሊየን የፈረንሳይን ቋንቋ አስተማሩት፤ ከእርሳቸውም ጋር በካቶሊክ ሚስዮን የተማሩት አባ ሳሙኤል ወልደ ካሕን አስተማሪው ሆኑ። በ13 ዓመት ዕድሜው በ1898 ዓ.ም. የጋራ ሙለታ ገዥ ተብሎ ደጃዝማች ተባለ። በዚያው ዓመት መጋቢት 13 ቀን አባቱ በቁሉቢ ዐረፉ። ከዚህ በኋላ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ከመኳንንት ልጆች ጋር ተቀመጠ፤ በአዲሱም ትምህርት ቤት ተማረ።

ይህ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. የተከፈተውና ዛሬም ከአራት ኪሎ አጠገብ ያለው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች የፈረንጅ ትምህርት ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ስለ ሠጉ ንጉሡ በአቡነ ማቴዎስ በኩል መምህራኑን ከግብጽ፣ ከቅብጥ ክርስቲያኖች ወገን አስመጡ፤ አለቃቸውም ሐና ሳሊብ ይባሉ ነበር። በአሳባችን ካየነው በዚያ ግቢ ውስጥ ብዙ ነገር ተሰብስቧል፤ የመኳንንት ልጆች፣ የግብጽ መምህራን፣ የፈረንሳይ ቋንቋ፣ ከደጅም የሚጠብቁ በቅሎዎችና አሽከሮች። አንድ ደራሲ ይህን ሁሉ ቢያገኝ ምን ያህል ሊጽፍ በቻለ ነበር! ማን ከማን ጋር ተቀመጠ? ማን በማን ሳቀ? ትምህርቱ ለማን ቀለለ፣ ለማን ከበደ? አባቱ የሞተበትን ያንን ቀጭን ልጅ ያጽናናው ማን ነበር? መጽሐፉ በዚህ ሁሉ ላይ ፈጥኖ ያልፋል። የሹመቱን ቀን፣ የግዛቱን ስም፣ የታላላቆቹን አሳብ ይነግረናል፤ የተማሪዎቹን ድምፅ ግን አያሰማንም።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ልጅ መናገር ይገባል። የራስ መኮንን የሥጋ ዘመድ የነበሩት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ተፈሪን በቤታቸው አሳድገዋል፤ ልጃቸውም እምሩ ከተፈሪ በጥቂት ወራት ብቻ የሚያንስ ነበር። ሁለቱ በአንድ ቤት አደጉ፣ በአንድ መምህር ፊት ተቀመጡ፣ እንደ ወንድማማች ሆኑ። መጽሐፉ ይህን አልሸሸገም፤ ዝምድናውንና አብሮ ማደጉን ይናገራል። ነገር ግን መናገርና ማሳየት ሁለት ነገር ነው። እምሩ በዚህ ምዕራፍ ስሙ አለ፣ ቃሉ የለም። ሲሮጥ አናየውም፣ ሲቈጣ አናየውም፣ ለተፈሪ «አንተ» ሲለው አንሰማውም። በኋለኞቹ ምዕራፎች ሲመለስም የጦር አለቃ ሆኖ ይመለሳል፤ በሽሬ ግንባር ያዘዙት ራስ እምሩ ናቸው። ልጁ እምሩ የት ቀረ?

በምዕራፉ ውስጥ ሙሉ ሰው ሆኖ የቆመ አንድ አለ፤ እርሱም ባልንጀራ ያልሆነው መምህሩ ነው። ስለ አባ ሳሙኤል ሲናገሩ ደራሲው እጃቸው ይፈታል። ንብ ከየአበባው እንደምትለቅም ከየሰው ዕውቀትን የሚሰበስቡ፣ ትሑት፣ እግዚአብሔርንና ባልንጀራን የሚወዱ፣ ከሥጋ ደስታ ይልቅ የነፍስን የሚመርጡ አድርገው ይሥሉአቸዋል። የቅኔ መምህር ይህን ቢሰማ «ምሳሌው ቤቱን አገኘ» ይላል፤ ንቡ ሰሙ ነው፣ ትሕትናው ወርቁ ነው። አባ ሳሙኤል በሰኔ 1907 ዓ.ም. በሐረማያ ሐይቅ ጀልባው ሲሰጥም ከሞቱት አንዱ ናቸው፤ ተፈሪ ግን ከዚያው ውሃ ዳነ። ፍቅሩ በጽሕፈቱ ውስጥ እንዲህ ፈሶ የሚታየው ስለዚህ ይሆናል። ለሞተ ሰው ንጉሥም ቢሆን ሳይፈራ ያለቅሳል፤ የሞተ ሰው ሹመት አይለምንም፣ አያምፅም፣ ነገም ምን ይል ይሆን አይባልም። በሕይወት ላለ ባልንጀራ መጻፍ ግን ከዚህ ይከብዳል።

ይህን ካልሁ በኋላ ለመጽሐፉ ጠበቃ መቆም ደግሞ የፍርድ ሥርዓት ነውና አንድ ነገር አመጣለሁ። መጽሐፉ የተዘጋጀበትን ዓመት አንባቢ ልብ ይበል፤ 1929 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ሲወጡ በአገር ውስጥ እንደራሴ ሆነው የቀሩት ራስ እምሩ ናቸው። በጎሬ በኩል ሲዋጉ ቆይተው በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ወደቁ፤ ወደ ጣሊያንም ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ። እንግዲህ ደራሲው በባዝ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሐረርንና ልጅነታቸውን በሚያስታውሱበት ሰዓት አብሮ አደጋቸው በባሕር መካከል እስረኛ ነበር። አንዱ በስደት፣ አንዱ በግዞት። «ካብሮ አደግ አትሰደድ» የሚለው ተረት በዚያ ሌላ መልክ ያዘ፤ የተሰደደው ያለ አብሮ አደጉ ተሰደደ፣ አብሮ አደጉም ስለ እርሱ ታሰረ። በጠላት እጅ ስላለ ሰው ብዙ መጻፍ ሊጎዳው ይችላል፤ ኀዘንም አንዳንድ ጊዜ አፍ ያስይዛል። ስለዚህ ዝምታውን ሁሉ በፍቅር ማነስ አልተረጕመውም።

ነገር ግን መጽሐፉ የወጣው በ1965 ነው። በመካከል ሠላሳ አምስት ዓመት ያህል አልፎአል፤ እስረኛውም ጣሊያን ከተሸነፈች በኋላ ተመልሶ በአገሩ ኖሮአል። አንድ ገጽ ለመጨመር ጊዜ ነበረ። ገጹ ግን አልተጨመረም።

ታላላቆቹ መጻሕፍት ይህን ነገር እንዴት እንደ ያዙት እንመልከት። በትንቢተ ዳንኤል መጀመሪያ የምናገኘው የትምህርት ቤት ታሪክ ነው። ከነገሥታትና ከመሳፍንት ዘር የሆኑ፣ መልካቸው ያማረ፣ ጥበብ የሚገባቸው ልጆች ተመርጠው የከለዳውያንን ቋንቋና ጽሕፈት ሦስት ዓመት እንዲማሩ በናቡከደነፆር ቤት ተቀመጡ። ዳንኤል በመካከላቸው የታወቀው ነው፤ አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤልም ባልንጀሮቹ ናቸው። የንጉሡን ማዕድ እንቢ ያለው ዳንኤል ነው፤ ጥራጥሬውን የበሉት ግን አራቱም ናቸው። ሕልሙ በተጠየቀ ጊዜ ወደ ቤቱ ሄዶ ለባልንጀሮቹ ነገራቸው፤ በተሾመም ጊዜ እንዲሾሙለት ለመነላቸው። ከዚህ ሁሉ የሚደንቀኝ ግን በኋላ የሚመጣው ነው። በእሳቱ ምዕራፍ ዳንኤል የለም። መጽሐፉ በዳንኤል ስም ይጠራል፤ በዚያ ምዕራፍ ግን ዳንኤል ገሸሽ ብሎ ሦስቱ ብቻ ይታያሉ፣ ሦስቱ ብቻ ይናገራሉ፣ ሦስቱ ብቻ ያመሰግናሉ። ቤተ ክርስቲያናችንም እስከ ዛሬ በእነርሱ ምስጋና ታመሰግናለች። ባልንጀራን ማክበር በጽሕፈት ሲሆን እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ከመድረኩ ወርዶ ለወዳጁ የራሱን ምዕራፍ ይሰጠዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሊቃውንት ነው። በቅዳሴው የምናስበው ባስልዮስ ዘቂሳርያ የባለጸጋና የጨዋ ቤተ ሰብ ልጅ ነበር። ለትምህርት ወደ አቴና በሄደ ጊዜ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙን አገኘ፤ ወንድሙን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስን ሳይሆን ባልንጀራውን ማለቴ ነው። በአቴና አዲስ የገባ ተማሪ በነባሮቹ ይሾፍበት ነበር፤ ጎርጎርዮስ ግን ባስልዮስን ከዚህ አዳነው። ሌሎች ተማሪዎች በቅናት ተነሥተው ባስልዮስን በክርክር ሊጥሉት ሲሞክሩ ጎርጎርዮስ ነገሩን ሳያውቅ መጀመሪያ እነርሱን አገዘ፤ ተንኰሉን በተረዳ ጊዜ ግን ወደ ወዳጁ ዞረ። በዚያችው ከተማ የንጉሥ ዘር የሆነ ሌላ ተማሪም ነበረ፤ እርሱም በኋላ ነግሦ የካደው ዑልያኖስ ነው። አንድ አቴና ሁለቱንም አስተማረች፤ ጨዋነትና ንባብ ብቻ ልብን እንደማያቀኑ ከዚህ ይታወቃል።

ከዓመታት በኋላ ባስልዮስ የቂሳርያ ሊቀ ጳጳሳት ሆነ። በጊዜው ስለ ግዛት ክርክር ነበረበትና እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ372 ዓ.ም. ወዳጁን ጎርጎርዮስን ሳሲማ በምትባል አቧራዋ የበዛ የመንገድ ዳር ከተማ ላይ ኤጲስ ቆጶስ አድርጎ ሾመው። ጎርጎርዮስ ይህን እንደ ቁስል ቆጠረው፤ የአቴና ባልንጀራው ለሹመት ጠብ መሣሪያ ያደረገው መሰለው። ባስልዮስ በ379 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ግን የመታሰቢያውን ድርሰት የጻፈለት ይኸው ጎርጎርዮስ ነው። በዚያ ድርሰት አቴናን፣ ቀልዱን፣ ክርክሩን፣ ሁለቱ የሚያውቁትን የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቤት መንገድ ሁሉ አስታወሰ። ሳሲማንም አልደበቀም፤ ያ ነገር እንዳሳዘነው በምስጋናው መካከል ተናገረ። ምስጋናው የታመነው ስለዚህ ነው። ቁስሉን ያሳየ ሰው ፍቅሩን ሲናገር ማን ይጠራጠረዋል?

ከዚህ የማገኘው ፍርድ ይህ ነው። የሁለት አብሮ አደጎችን ታሪክ የሚጽፈው አብዛኛውን ጊዜ ያልተሾመው ነው። የተሾመው የሚያስብለት ሌላ ብዙ አለ፤ ያልተሾመው ግን አቴናን ይዞ ይቀራል።

በቅኔ ቤት ያደግን ሰዎች ይህን ከሕይወትም እናውቀዋለን። እኔ በተማርሁበት ጉባኤ አንድ የባለጸጋ ልጅ ነበረ። ሲመጣ በሶና ዳቦ ቆሎ በበቅሎ አስጭኖ መጣ። የኔታ እህሉ ለጉባኤው ሁሉ እንዲካፈል አዘዙ፤ እርሱም በሳምንቱ ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ ከእኛ ጋር በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ለመነ። በቅጸላ ጊዜም ቅኔው ቤት ባልመታ ጊዜ «ቤት አይመታም» አልነው፤ የአባቱን ስም ማንም አላነሣበትም። ዛሬ የከበረ ነጋዴ ነው። በሰው ፊት «መምህር» ይለኛል፣ እኔም «ጌታዬ» እለዋለሁ፤ ብቻችንን ስንሆን ግን ሁለታችንም ወደ «አንተ» እንመለሳለን። በአማርኛ ቋንቋ የባልንጀርነት ዳኛ ይህች ቃል ናት። «አንተ» የሚለው ሰው ያለቀበት ባለጸጋ፣ በዙሪያው ሺህ ሰው ቢቆም እንኳ ብቻውን ነው።

ንጉሥ ከተቀባ በኋላ ደግሞ «አንተ» የሚለው ሰው የለም። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ በተጫነ ጊዜ የእምሩም ቃል «ጃንሆይ» ሆነ። ይህ የመንግሥት ሥርዓት ነው፤ ነቀፋ የለበትም። በመጽሐፍ ውስጥ ግን ሥርዓቱ የግድ አይደለም። ደራሲ ወደ ልጅነቱ ሲመለስ ዘውዱን በደጅ ትቶ ሊገባ ይችላል፤ ለጥቂት ገጽ «አንተ» ሊባል ይችላል። በዚህ ምዕራፍ ላይ የማቀርበው ነቀፋ ይኸው ነው፤ ደራሲው ወደ ሐረር ሲመለሱ ዘውዱን ጭነው ተመለሱ። ስለዚህ ልጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚነግሥ ሆኖ ይታያል፤ የሚያጠፋ፣ የሚሸነፍ፣ በባልንጀራው የሚታረም ልጅ ሆኖ አይታይም።

ሁለተኛውን ምስክር ለመስማት ብዙ ጊዜ አለፈ። ልዑል ራስ እምሩ በ1972 ዓ.ም. ዐረፉ፤ የጻፉት መታሰቢያ «ካየሁት ከማስታውሰው» ተብሎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ በ2002 ዓ.ም. ታተመ። ሁለቱን አርእስት ጎን ለጎን ላኑር። የመጀመሪያው «ሕይወቴ»ን ከኢትዮጵያ እርምጃ ጋር በአንድ «ና» ያስተሳስራል፤ በዚያ ቃል የአንድ ሰው ዕድሜና የአገር ዕድሜ አብረው እንዲሄዱ ይፈለጋል። የሁለተኛው አርእስት ሁለት ጊዜ «ከ» ይላል፤ ካየው ሁሉ ጥቂቱን፣ ከሚያስታውሰውም ጥቂቱን ብቻ የሚናገር ሰው ቃል ነው። አንዱ የባለቤት ቃል ነው፣ ሁለተኛው የምስክር ቃል ነው። አንባቢ ሁለቱን አብሮ ቢያነብ እንጂ አንዱን ለይቶ ቢያነብ የልጅነቱን ቤት ግማሹን ብቻ ያያል።

የእምሩ ኑሮም ራሱ እንደ መጽሐፍ ይነበባል። ራስ እምሩ መሬታቸውን ለጭሰኞቻቸው በማካፈል የታወቁ መስፍን ናቸው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በመንግሥቱ ላይ የተነሡት ሰዎች ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው ስማቸውን ጠሩ። አመፁ ከከሸፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ አብሮ አደጋቸውን አልቀጡም። ለእኔ በዚህ አለመቅጣት ውስጥ መጽሐፉ ያልጻፈው ገጽ ተጽፎ ይታየኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ስሙ በእንዲህ ያለ ዝርዝር ተጠርቶ በደኅና መኖሩ ባጠራጠረ ነበር። በሐረር ቤት አብረው የቆረሱት እንጀራ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ሳይናገር ተናገረ እላለሁ። ይህ የእኔ ትርጓሜ ነው፤ የተሻለ ያለው ያምጣ።

እንግዲህ ስለ ምዕራፉ ያለኝን አሳብ ልጠቅልል። የቋንቋው ንጽሕና፣ የነገሩ ቅደም ተከተል፣ ስለ መምህሩ ያለው ምስጋና የሚመሰገን ነው፤ ማንኛውም የአማርኛ ተማሪ ሊያነበው ይገባል። ነገር ግን ባለጸጋውን ተማሪ ከባልንጀሮቹ ለይቶ ብቻውን አቆመው፤ ብቻውን ያቆመውም ሊያከብረው ብሎ ነው። ክብሩ ግን በዚህ አልጨመረም። ዳንኤል ያለ ሠለስቱ ደቂቅ፣ ባስልዮስም ያለ ጎርጎርዮስ ቢጻፍ ኖሮ ታላቅነታቸው ባልጎደለ፤ እኛ ግን ባልወደድናቸውም ነበር።

ዛሬ በአገራችን ብዙ ሰዎች የሕይወታቸውን ታሪክ ይጽፋሉ፤ ሚኒስትሩም፣ ጄኔራሉም፣ ነጋዴውም፣ ከእኛም ወገን ሊቃውንቱ። ለእነርሱ የምለው አንድ ነው። መጽሐፉን ወደ ማተሚያ ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት በልጅነት ስማችሁ የሚጠራችሁን አንድ ሰው ፈልጉና የልጅነቱን ምዕራፍ አንብቡለት። «እንዲህ አልነበረም» ቢላችሁ አትቈጡ፤ ቃሉን እንደ ተናገረው ጨምሩት።

በማታ ከእንጦጦ ወርደው በፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚያልፉትን ተማሪዎች አያለሁ። አንዱን መኪና ይጠብቀዋል፤ ሌሎቹ በእግር ናቸው። አንዳንድ ቀን ባለመኪናው ልጅ ሹፌሩን ወደ ኋላ አስቀርቶ ከባልንጀሮቹ ጋር እየተከራከረ ቁልቁል ይወርዳል። ያ ልጅ ቢያድግ ምን እንደሚሾም አላውቅም። በሚጽፈው መጽሐፍ ግን ይህ መንገድ፣ ይህም ክርክር፣ የባልንጀሮቹም ድምፅ እንዳይቀርበት እግዚአብሔር ይርዳው።